ለእጁ ዋስ ሆንኩ

ጓደኛዬ ሚስቱን ዳግመኛ እንደማይመታ በሽማግሌ ፊት ቆሜ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ዛሬም ሳስበው እርር ድብን እላለሁ፤ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በእሱ፣ ከዚያም ጋቢያቸውን አስተካክለው በመረቁን ሽማግሌዎች ሁሉ።

ጓደኛዬ የግብርና ባለሙያ ነው። ሮቤ ውስጥ በአንድ ቢሮ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ከኮሌጅ ጀምሮ አብረን ስለኖርን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ሆንኩ። በሠርጉ ማግስት፣ እንደ ወጉ፣ ሙሽራዋን «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ፤ ቢያስከፋሽ ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት። ሚዜ ሁሉ የሚለው ነው። ብዙው ሚዜ ደግሞ ድንኳኑ ሳይነሣ ይረሳዋል።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከጎባ ደወለችልኝ። እናቷ ቤት ነበረች። ስደርስ የግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ምን ተፈጠረ ብዬ ስጠይቃት የነገረችኝን ነገር እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። ምሳ ላይ እንግዶች ነበሩ። እሱ «የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየነው ከሠርጋችን በፊት ነው» አለ። እሷ «ኧረ በኋላ ነው!» ብላ ሳቀች። እንግዶቹም ሳቁ። እነሱን ሸኝቶ ተመለሰ፣ በሩን ዘጋ፣ መታት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ እናቷ ቤት መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ዋነኛው ከጊኒር መጥተው ጎባ ውስጥ በሱቅ ንግድ ያረጁ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ነበሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ሥሩን ፍለጋ የሄዱት ግን ወደ እሷ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

ምን አድርገሽው! የተመታችውም እሷ፣ የምትጠየቀውም እሷ። የዋሻውን ነገር ተናገረች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እሱስ በሰው ፊት ባታደርጊው ጥሩ ነበር» አሉ። እናቷ እንኳ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው «ቻይው እንጂ ልጄ፣ እኛስ ችለን አይደል የኖርነው» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ወንድምሽ ነኝ ያልኩት ሰው፣ ሽማግሌዎቹ ምን ያህል ነገር አዋቂ ናቸው እያልኩ አደንቅ ነበር።

እሱ አልካደም። «መትቻለሁ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብሎ የእናቷን ጉልበት ሳመ። «እንግዲህ ዋስ ጥራ» አሉት። በእኛ ዘንድ እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም፤ አጥፊው ሁለተኛ እንዳያጠፋ አንድ የታመነ ሰው ይቆምለታል። እሱም እኔን ጠራ። ብድግ አልኩና ደረቴን ነፍቼ «ዋስ ነኝ» አልኩ። ለብድር ዋስ የሆነ ሰው ደሞዙ ይቆረጣል። ለሰው ዓይን ዋስ የሆነ ግን ምኑም አይቆረጥም። ተመረቅን፣ «አሚን» አልን፣ እሷን ሚኒባስ ውስጥ በመካከላችን አስቀምጠን ወደ ሮቤ መለስናት። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አኩርፋ ነው፣ ይወጣላታል ብዬ አለፍኩት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ቢሮአችን ሥልጠና ተጠራ። በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃትና ስለ «አጋላጭ ምክንያቶቹ» ነበር። በቡድን ተከፋፍለን ምክንያቶቹን በትልቅ ወረቀት ላይ እንድንዘረዝር ታዘዝን። የእኛ ቡድን ጸሐፊ ማን ሆነ? እሱ ራሱ! የእጅ ጽሑፉ ያምራላ። መጠጥ፣ ጫት፣ ሥራ ማጣት፣ አለመማር፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ እናት ስትመታ እያዩ ማደግ፣ አንድ በአንድ አሰፈረ። የሮቤ ሰዎች «ይኼ ነገር ገጠር ነው የሚብሰው» አሉ፤ ከዲንሾ ገጠር የመጡት «እንዲያውም ከተማ ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁሉም መቺውን ሌላ ሰፈር ሲፈልግ እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል። አይጠጣም። ጫት ቀምሶ አያውቅም። ዲግሪ አለው። አባቱም እናቱን ክፉ ቃል ተናግረዋቸው እንደማያውቁ አገር ይመሰክራል።

ዝርዝሩ ውሸት ነው አልልም፤ መጠጥ የስንቱን ቤት እንዳመሰ አይቻለሁ። ግን እጄን አውጥቼ «ይኼን የሚጽፍልን ሰው ከእነዚህ አንዱም የለበትም፤ ሚስቱን ግን ይመታል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሰው ገመና ነው ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሁለት የፊት ጥርሶቿን አወለቀ። የዚህኛውን ምክንያት አልነግራችሁም። ምክንያት ሲሰማ ሰው ሚዛን ያወጣል፤ «እሱስ…» ማለት ይጀምራል።

እንደገና እናቷ ቤት፣ እንደገና እነዚያው ሽማግሌዎች። ከሰነቴ አምባ የወረደው ጭጋግ ደጁን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው «ዋስ፣ የታል ቃልህ?» አሉኝ። ሦስቱ በኦሮምኛ ተመካከሩና መፍትሔ አመጡ፤ አንድ ዋስ ስላልበቃ ሁለተኛ ዋስ ይጨመር። ሁለት ጥርስ ወልቆ የተገኘው መላ ይኼ ነው!

ይኼኔ እሷ አፏን በመዳፏ ሸፍና ተናገረች። የተናገረችው ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለእኔ ነው።

«ከእሱ ጋር ስንት ዓመት ኖራችሁ?»

«ከኮሌጅ ጀምሮ፣ አሥራ አራት ዓመት።»

«በሰው ፊት አርመኸው ታውቃለህ?»

«አዎ።» ሪፖርቱን በየሳምንቱ የማርመው እኔ ነኝ። አለቃችን ደግሞ አንድ ጊዜ በሙሉ ስብሰባ ፊት አዋርዶታል፤ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ነው የተቀመጠው።

«ስንት ጊዜ መታህ?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከትኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው እጁን መሰብሰብ ያውቅበታል። ዋስ ምን ያደርግለታል?»

ወደ እሱ ዞር አልኩ፤ ምንጣፉን ያያል። ከመጀመሪያው እርቅ ጀምሮ «ቁጡ ነው፣ ሲናደድ ራሱን አያውቅም» እያልኩ ስከላከልለት ኖርኩ። ውሸቴን ነው። ራሱን በደንብ ያውቃል። አለቃው ፊት ያውቃል፣ እኔ ፊት ያውቃል፣ እንግዶቹን እስከ በር ሲሸኝም ያውቅ ነበር። የሚመታት መምታት ስለሚችል ነው። የሚችለው ደግሞ እኛ ይኼው ተሰብስበን እሷን መልሰን ስለምንሰጠው ነው።

ተነሣሁ። «ዋስነቴን አንስቻለሁ። ‹መትቻለሁ› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ እመሰክራለሁ» አልኩ።

አዛውንቱ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አስተግፊሩላህ! በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ለፖሊስ? ትዳር ልታፈርስ ነው?»

«አባባ፣ እኔ ሳልነካው ፈርሶ እኮ ነው እርስዎ የመጡት» አልኳቸው። ትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አልጸጸትም።

እዚያው ጎባ፣ እሷና እኔ በእግራችን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃል የሚቀበለው ፖሊስ «በእርቅ ብትጨርሱት አይሻልም?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ሁለቱንም ጊዜ «አይሻልም» አለችው። እኔም የማውቀውን ተናግሬ ፈረምኩ። ስንወጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኛል።

«ያኔ ዋስ ባትሆነው ኖሮ» አለችኝ፣ «እኔ ወደዚያ ቤት አልመለስም ነበር።»

ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።