በእህል ሚዛን የተመዘነች እናት

ባለፈው ማክሰኞ ጉልበቴን ቢያመኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ «እማማ» ይላል፣ ወንበር ይስባል። ጉልበቴን ግን አልነካውም። ሚዛን ላይ አወጣኝ፣ ቁጥሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና «እማማ፣ ክብደት መቀነስ አለብዎት» ብሎ የታተመ ወረቀት ሰጠኝ። ዳቦ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ድንች የለም፣ እንጀራ ግማሽ። «ጉልበቴስ?» ብለው «እሱም አብሮ ይሻልዎታል» አለኝ። ድንቄም! ይሄን ያህል ዘመን ኖሬ ሐኪም የሚለው ያችኑ አንዲት ነገር ሆነችብኝ።

ልጄ ሰናይት ወረቀቱን ተቀብላ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ውሃ ለመጠጣት በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ በልጅነቴ ሞኝም ሆኜ ወረቀትም ይዤ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይሄን ሳይ የልጅነቱ ወረቀት ትዝ ይለኛል። የማወራው ስለዚያ ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ በጃንሆይ ጊዜ ሮቤ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። አባቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተሹሞ ባሌ የመጣ ሰው ነበር፤ እኔ አፌን ሳልፈታ ሞተ። እናቴ ያሳደገችኝ በድፎ ዳቦ ነው። የሮቤ ስንዴ ታውቁ የለ፣ ሲጋገር ሽታው መንገድ አቋርጦ ይሄዳል። ወደ ደሎ መና የሚወርዱ መንገደኞች መኪናው ሳይነሳ እየሮጡ መጥተው ትኩሱን ይቆርሱ ነበር፤ መምህራኑም፣ የግዛቱ ቢሮ ሠራተኞችም ደንበኞቿ ነበሩ። ወፍራም ነበረች። ያኔ ወፍራም መባል ስድብ አይደለም፣ «ደልቷታል» ነው የሚባለው። ደግሞስ የከሳች ጋጋሪ ዳቦ ማን ይገዛል?

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ እናቴ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አንድ ድፎ ይዛ ከምድጃው እስከ በሩ ስትደርስ ታለከልካለች። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ፣ ላሞች ያሏት የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ «ጎባ ሐኪም ቤት ውሰጃት» ብላ ወተወተችኝ። የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ጎባ ሄድን። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም። የሚያስተረጉምለት ድሬሰሩ ነው፣ ቁስል አጣቢው ረዳቱ።

እናቴ ወግ ትወዳለች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። «እግሬ ይከብደኛል። ጋደም ስል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ ሦስት ትራስ ካልደራረብኩ እንቅልፍ የለኝም። ልቤ ደግሞ አንዳንዴ ሊወጣ ይደርሳል። የጀመረኝ መስከረም ላይ ነው፣ ከዚያ በፊትማ…» እሷ ይሄን ሁሉ ስትል ድሬሰሩ በአራት ቃል ጨረሰው። ሐኪሙ ከራሷ እስከ እግሯ አንዴ አያትና እጁን ሳያሳርፍባት መለሰ። ድሬሰሩም ዞር ብሎ «ወፍረሻል ነው የሚለው። ምግብ ቀንሺ» አላት።

ወረቀቱን ድሬሰሩ ራሱ በእጁ ጻፈው። ዳቦ፣ ገንፎ፣ ቅቤ፣ ጩኮ፣ ጠላ ክልክል። ጎመንና የእንቁላል ነጩን መብላት። ሆድ እንዲሞላ ውሃ በብዛት መጠጣት። በየቀኑ በእግር መሄድ። በየሳምንቱ መመዘን። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝና «ተቆጣጣሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። አቤት የኮራሁት ኩራት! የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ አሰብኩ።

ሮቤ ውስጥ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን አልነበረም። የነበረው የእህል ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ያለው፣ ጆንያ የሚጫንበት ትልቁ ሚዛን ነው። እዚያ ወሰድኳት። ያውም በገበያ ቀን፣ ገበሬው ገብሱን አስመዝኖ ሲጨርስ። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን አቁመው ከበቡን። አንዱ «ኧረ ይቺስ ኩንታል ልትሞላ ነው!» አለ፣ ሌላው «ዱቄቱን ሳይሆን ጋጋሪዋን መሸጥ ነበር!» ብሎ ተሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች፣ ሰው ማስቀየም አታውቅም። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ግን ጎንበስ ብላ፣ እየተቸገረች፣ ትንሽ ቢቀንስላት ብላ ጫማዋን አወለቀች። ዘጠና አንድ ኪሎ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። እሷ ከማለዳ ጀምራ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ለሰው ትቆርሳለች፤ ለራሷ የተቀቀለ ጎመን አቀርብላታለሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ እንቁላሉም ቀረ። ጎመንና ውሃ ብቻ ሆነ። ውሃውን በማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ፣ አጠገቧ ቆሜ፣ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። «በቃኝ ልጄ፣ ሆዴ ተነፋ» ትለኛለች። «ወረቀቱ በብዛት ነው የሚለው» እላታለሁ። ትጠጣለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በጎባ መንገድ እወስዳታለሁ። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፣ ከፊት ለፊት የሳነቴ ተራራ ጉሙን ለብሶ ይታያል። ትንሽ ሄዳ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። እኔ «ተነሺ፣ ስንፍና ነው» እላታለሁ። ለእናቴ! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ለምታቦካ ሴት!

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ቀነሰች፣ ደስታችን ወሰን አጣ። በሁለተኛው ዘጠና ሁለት ሆነች። በሦስተኛው ዘጠና አምስት። ተሸካሚዎቹ እንኳ መሳቅ ተዉ። እኔ ደብተሬን እያየሁ ደሜ ፈላ። ጎመን የበላ ሰው እንዴት ይጨምራል? ፊቷ ከስቷል፣ የብር አምባሯ ከእጇ እየወለቀ አስቸግሯታል፣ ጫማዋ ግን አልገባ ብሏታል። ይሄን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ግን ያመንኩት ሚዛኑን ነው።

ጎባ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ ደብተሬን አየና ፈገግ አለ። ድሬሰሩ «ሚዛን አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሸው ይላል» አላት። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ አፍሬባት ነበር፣ እስከ መኪናው ድረስ ቀድሜያት ሄድኩ።

አንድ ቀን አዴ ዘይነባ በእንጨት ገበታ ጩኮ ይዛ መጣች። ጩኮ ለማያውቅ፣ ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ የሚታሽ ነው። ጾሙ በገና ተፈቶ ነበር፤ ወዳጇ በጾም እንደተጎዳች አይታ ነው ያመጣችው። በር ላይ ቆሜ መለስኳት።

«ሐኪም ከልክሏታል» አልኳት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እግሯን አይተሽዋል?» አለችኝ። «ኩን ጮማ ሚቲ፣ ቢሻኒ። ይሄ ጮማ አይደለም፣ ውሃ ነው። ላም እግሯ እንዲህ ሲያብጥ እኛ ወፈረች አንልም። ዋላሂ፣ ይቺ ሴት ታማለች!»

«ታዲያ ሐኪሙ ነው የሚያውቀው ወይስ እርስዎ?»

አዴ ዘይነባ አልተቆጣችም። ገበታውን አቅፋ ተመልሳ ሄደች። ከውስጥ እናቴ «ልጄ፣ እጅ ዘርግቶ የመጣን ሰው እንዲህ አይመልሱም» አለችኝ። ድምጿ ደክሟል። ጩኮው ስላማራት ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት ነጠላዋን ላጥብ ስዘረጋው ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ስፈታው የዳቦ ቅርፊት ነው። አበስኩ ገበርኩ! ሌባ የያዝኩ መሰለኝ። አልጋዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ፊቷ አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«ማርያምን በዪ!»

«ማርያምን፣ ምንም አልበላሁም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ቅርፊቱን አነሳችና መዳፏ ላይ አገላበጠችው። «አልበላሁትም። አሸተዋለሁ» አለችኝ።

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩባት። ማርያምን ጠርታ የዋሸች እናት አለችኝ ብዬ ያን ቀን አላነጋገርኳትም። ቅርፊቱን ከእጇ ነጥቄ መሳቢያ ውስጥ፣ ደብተሬ አጠገብ፣ እንደ ማስረጃ አስቀመጥኩት።

የከተራ ዕለት ታቦቱን እንሸኝ ብዬ አወጣኋት። ለታቦቱም አይደል፣ እግሯን ታፍታታ ብዬ ነው። ሕዝቡ እየዘፈነ ያልፋል፣ የጥር ፀሐይ ጠንክሯል። ነጠላዋን ጨብጣ ከኋላ ከኋላ ስትከተለኝ ቆየችና መንገድ ዳር ቁጭ አለች። «ተነሺ» አልኳት። ልትነሳ ሞከረች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አንድ ላንድሮቨር ለምነን ከቀትር በኋላ ጎባ አደረስናት።

ሐኪሙ በበዓሉ ምክንያት አልነበረም። የተቀበለችን አንዲት ያገራችን ነርስ ናት፣ ጸጉሯ የሸበተ። ምንም አልጠየቀችም። የእናቴን ቀሚስ ገልጣ አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ተጭና አነሳች። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ጠበቅን፣ አልሞላም። ሊጥ ላይ ጣት ሲቀር የማውቅ የጋጋሪ ልጅ ነኝ፣ በሰው ገላ ላይ ግን አይቼ አላውቅም።

«ይሄ ውሃ ነው። ልቧ ደክሟል» አለች ነርሷ። ከዚያ መንገድ ላይ እንድትጠጣ ብዬ ይዤው የወጣሁትን፣ አልጋው ሥር ያኖርኩትን ማንቆርቆሪያ አየች። «ማነው ለዚህች ሴትዮ ውሃ የሚያጠጣት?»

ወረቀቱ ጉያዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

እናቴ ትራስ ተደግፋ ታየኝ ነበር። «አየሽ፣ አልበላሁም ነበር» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፣ ዝም ብላ እንዳውቀው ነው። ያኔ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አትናገሪ፣ ይደክምሻል» አልኳት። ነገ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ እያልኩ። በጥምቀት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች፤ ያ ነገ አልመጣም።

ለቅሶ ላይ አዴ ዘይነባ ጩኮዋን ይዛ መጣች። «ብዬሽ ነበር» አላለችም፣ ስለ በሩ ነገር አንድ ቃል አላነሳችም። አጠገቤ ተቀምጣ ጠቅልላ «አፈር ስሆን፣ ብዪ» ብላ አጎረሰችኝ። ከሣልስቱ በኋላ መሳቢያውን ስከፍት ቅርፊቱን አገኘሁት፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አገላብጬ አየሁት። ዙሪያውን ጥርስ አልነካውም።

ሐኪም ሁሉ ክፉ ነው አልልም፣ ያቺ ነርስም የተማረችው እዚያው ነው። ወፍራም ሰው ግን ሲታመም የሚያይለት የለም፤ የሚታየው ስቡ ብቻ ነው። ምን አመመሽ ሳይሆን ምን በላሽ ይባላል። በሽታውንም የቀጣፊነቱንም ስም ተሸክሞ ይሞታል። ይሄን ለዚያ ልጅ እግር ሐኪም ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ቀጣዩን ተረኛ ሲጠራ ወጣሁ።

በየጠዋቱ፣ ማንም ሳያየኝ፣ አውራ ጣቴን ቅልጥሜ ላይ ተጭኜ አነሳለሁ። እስካለፈው ሳምንት ቶሎ ይሞላ ነበር። አሁን ዘግየት ይላል። ለሰናይት እነግራታለሁ እያልኩ እውላለሁ።

ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ያስቀመጠችው ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች፣ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ልጄ ትወደኛለች፣ እንዳልሞትባት ትፈራለች፣ እሱን አውቃለሁ።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «ምን በላሽ?»

«ምንም» አልኳት።

ቁጥሩን ደግማ አየችው። እኔን አላየችኝም።