የቀለም መሞከሪያው ጉንጭ

ታላቅ እህቴ በበሽታ መመርመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ የታማሚዎችን ናሙና በቀለም ትነክራለች። ጣቶቿ ሁሌ ሐምራዊ ስለሆኑ ልጄ «አክስቴ ቀለም» ይላታል። አዲስ ቀለም ሲመጣ የታማሚ ናሙና እንዳይበላሽ፣ የገዛ ጉንጯን ከውስጥ በእንጨት ፋቅ አድርጋ መስታወት ላይ ትቀባና ትሞክረዋለች። የላብራቶሪው ልማድ ነው። ባልደረቦቿ «ጉንጭ አያልቅ!» ይሏታል።

ሥራዋን ስታስረዳኝ ደስ ይለኛል። ሴሉ መሐል አስኳል አለ፤ አስኳሉ ውስጥ ደግሞ ኒውክሊዮለስ የሚባል ጠቆር ያለ ነጥብ። የራሱ ሽፋን እንኳ የለውም፣ እንዲሁ የተጠቀጠቀ ነገር ነው። ፕሮቲን የሚሠሩልንን ራይቦዞሞች የሚያሰናዳው እሱ ነው።

«ጤነኛ ጉንጭ ላይ ፈልገሽም አታገኚው» ትለኛለች። «ሴሉ ካንሰር ሆኖ እንደ እብድ መራባት ሲጀምር ግን ሥራ ይበዛበትና ያብጣል።»

አምና ግራ ጉንጯ ውስጥ ቁስል ወጣ። «ጥርሴ እየቧጠጠኝ ነው» ብላ ተወችው። በዚሁ መሐል አዲስ ቀለም መጣና እንደለመደችው ግራውን ፋቀች።

ናሙናውን የሚመረምረው የላብራቶሪው ዶክተር ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ የሚያስተምራቸውን ተማሪዎች ጠራ።

«ቀለም ማለት ይሄ ነው! ኒውክሊዮለሱን እዩት፣ እንደ በሬ ዓይን ፈጦ!»

«የማን ነው ዶክተር?» አለ አንዱ።

«የማንም ይሁን፣ አፈር ጠርቶታል።»

ተሳሳቁ።

«የኔ ነው» አለች እህቴ ከኋላቸው።

«ምኑ?»

«ጉንጩ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዶክተሩ ግን ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ «በይ አንድ ሁለት መስታወት ጨምሪልኝ፣ ለማስተማሪያ ይሆነናል» አላት።

ቀዶ ጥገናው ግራ ጉንጯንና የመንጋጋዋን ቁራጭ ይዞባት ሄደ። ውኃ ስትጠጣ በጎን ይፈስባታል። ወደ ሥራ ስትመለስ ተማሪዎቹ «ግማሽ ፊት» የሚል ስም አውጥተው ጠበቋት። እሷን የሚያስጨንቃት ግን ስሙ አልነበረም፤ በሽታው ወደ ቀኙ ተሻግሮ ይሆን የሚለው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቀለም መጣ።

«ቀኙ አለልሽ አይደል?» አላት ዶክተሩ።

ፋቀች፣ ነከረች። እሱ እስኪመጣ እንኳ አላስቻላትም፤ ቀድማ አየችው። አስኳሉ ጥርት ብሎ ተነክሯል። ሌላ ነገር የለም። ያም ሆኖ ዓይኗን አላመነችውም።

ዶክተሩ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ቆየ።

«ይሄ ምን ቀለም ነው? ኒውክሊዮለሱ የታለ? ፍለጋ ዓይኔ ጠፋ! አይረባም፣ ለሻጮቹ መልሽላቸው።»

«እሺ ዶክተር።»

የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ እኛ ቤት መጣች። ልጄን ብድግ አድርጋ በቀረላት ጉንጭ ሳመችው።

«አይረባም አለኝ!» አለችኝ እየሳቀች፤ ምራቋ በጎን እየፈሰሰ። «ሰማሽ? ምንም አይታይም አለኝ!»

የክትትል ቀጠሮዋ እንዳለ ነው። የምወስዳትም እኔው ነኝ።