ስለ ከበሮው የነገሩኝ አንክል ሙኬሽ

ባለፈው ወር የጫማዬን ተረከዝ ላስጠግን ብሉር ጎዳና ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። የቆዳው፣ የሰሙና የማስቲሹ ሽታ ገና በሩ ላይ ተቀበለኝና ባለሁበት ተገትሬ ቀረሁ። ባለሱቁ «አር ዩ ኦኬ?» እስኪለኝ ድረስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዌስተን ሰፈር ያለው አሮጌ ፎቅ ውስጥ፣ የአንክል ሙኬሽ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር።

አንክል ሙኬሽ ከሕንድ የመጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸው ሪና ከምትባል ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እናቴ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ስታጸዳ ውላ እስክትመለስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኔ ሂንዲ አላውቅ፣ በእንግሊዝኛ እንግባባ ነበር። ቤታቸው ከሙን ከሙን ይሸታል። ከሳጥኑ ቴሌቪዥን ጎን የአማልክቱ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ትንሽ የነሐስ መብራትና ቢጫ የፕላስቲክ አበባ አለ። እናቴ «ወደዚያ እንዳታዪ» ብላኝ ስለነበር፣ ባለ ዝሆን ራሱን አምላክ በጣቶቼ መካከል ነበር የማየው። መቼም ጽድቅ አያምረኝም።

አንድ ቀን የቦርሳዬ የቆዳ ማንገቻ ተበጠሰ። አንክል ሙኬሽ አገላብጠው አዩት፤ ተነሥተው በሩን በሰንሰለት ዘጉ፤ መጋረጃውንም ሳቡ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና እጀታው በላብ የጠቆረ መዶሻ ነበር። እነዚያ ስኒ ሲይዙ የሚንቀጠቀጡ እጆች ቆዳ ላይ ሲያርፉ ጸጥ አሉ። እየሰፉ ያወሩኝ ጀመር። በአገራቸው ቆዳ የሚሠራ ሰው እንደ ርኩስ ይቆጠራል፤ ላም ቅድስት ናትና የሞተች ላም ቆዳ የሚነካማ የባሰ ነው። ሰው በቀድሞ ሕይወቱ በሠራው ሥራ ካስት በሚሉት ከፍ ወይም ዝቅ ባለ የዘር መደብ ይወለዳል፤ የተወለደበት መደብ ደግሞ በትምህርትም በሀብትም አይለቅም ይባላል።

«አባቴ የቤተ መቅደሱን ከበሮ በቆዳ ይለጉም ነበር» አሉኝ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ከበሮው ይገባል፤ አባቴ ደጅ ይቀራል። በበዓል ቀን ድምፁን ከሩቅ እየሰማ ‹ያ የኔ ነው› ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ስለ ወስፌው ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ስለ ከበሮው ግን ምንም አላሉኝም።

በዚያ ሰሞን ሪና ታጭታ ነበር። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የአንቲ ሱሺላ ልጅ ነው። እሳቸው ደግሞ የካህናት ዘር ነን ባይ ናቸው። ሻይ ሊጠጡ በመጡ ቁጥር ፈገግ ብለው አንድ ጥያቄ ይጥላሉ፤ መንደራችሁ የት ነበር? የሪና አያት ምን ይሠሩ ነበር? አንክል ሙኬሽ «እርሻ» ይሉና ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። እኔ ልጅ ብሆንም አንድ ነገር እየመጣ እንደሆነ ሆዴ ነግሮኝ ነበር። ከእኔ እንደሚመጣ ግን አላወቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ላንድሪ ውስጥ አንቲ ሱሺላን አገኘኋቸው። ላዱ የሚሉትን ክብ ጣፋጭ ሰጡኝና የቦርሳዬን ማንገቻ ይዘው «ምን የመሰለ ስፌት ነው! ማን ሠራልሽ?» አሉኝ።

ስለ ወስፌው ላልናገር ምያለሁ። ስለዚህ ሌላውን፣ ያማረውን ነገር መረጥኩ። «የአንክል ሙኬሽ አባት እኮ የቤተ መቅደስ ከበሮ በቆዳ ይለጉም ነበር!» አልኩ፣ አፌ በጣፋጭ እንደተሞላ፣ ኮርቼ።

ማንገቻውን ለቀቁት። ወደ ገንዳው ሄደው እጃቸውን በልብስ ሳሙና ታጠቡ፤ አደረቁ፤ እንደገና ታጠቡ። ከዚህ በኋላ አንቱ አልላትም።

በሳምንቱ ሠርጉ ቀረ። ቤት ለቤት ጣፋጭ ይቀያየሩ የነበሩ ያገራቸው ሰዎች፣ አንክል ሙኬሽ ኤሌቬተር ውስጥ ካሉ «ሂዱ፣ የሚቀጥለውን እንይዛለን» ማለት ጀመሩ። አንድ ሰው በቁሙ፣ በሥነ ሥርዓት፣ ድምፅ ሳይሰማ ሲቀበር ያየሁት ያኔ ነው። ሪና ክፍሏን ዘግታ ሦስት ቀን አልወጣችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አንክል ሙኬሽ ከፍተው አጠገቤ ተንበረከኩ።

«ጥፋተኛዋ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። «ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ወሩ ሳያልቅ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ ለቀቁ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «ስሚኝ» አለች። «የኔ አባት ፋቂ ነበሩ። ቆዳ ፋቂ። ሰፈሩ ሁሉ ቡዳ እያለ ነው ያሳደገን። እዚህ ቸርች ያሉት ሁሉ ነጋዴ ነበሩ ብያቸው ነው የሚያውቁት። ይቺ ነገር ከአፍሽ ብትወጣ አለቀልን፣ ገባሽ?» ገባኝ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የሌላ አገር ነገር ነው ብዬ ስሰማው የነበረው ሁሉ እኛው ቤት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም። ጫማዬን ባስጠገንኩ በሳምንቱ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ኢስት ዮርክ ወዳለው የእናቴ ቤት ሽማግሌ ሆነው መጡ። ምሳ ተበልቶ ሳቁ ሲደራ አክስቱ ወደ እናቴ ዘወር ብለው «ለመሆኑ አባትዎ ምን ነበር ሥራቸው?» አሉ፣ እንደ ዋዛ። እናቴ አፏን ስትከፍት አየኋትና ቀደምኳት።

«ፋቂ ነበሩ።»

አክስቱ የሚቀጥለውን ጥያቄ አልጠየቁም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የደወለ የለም። እጮኛዬም «እያናገርኳቸው ነው» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። እናቴ መጀመሪያ ሁለት ቀን ኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት፣ አባቷ የፋቁት ቆዳ ላይ ተኝታ ስለማደጓ፣ ሲፍቁም ስለሚያንጎራጉሩት ዜማ ታወራኝ ጀመር። እስካሁን አላቆመችም።