በቅሎ አልቀበል ያለው ኮምፒውተር

ትናንት ከእንጅባራ ስመለስ ድንች የተጫነች በቅሎ መሀል መንገድ ቆማ፣ ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባ ቢነፋባት ንቅንቅ አልል አለች። ሰው ሲናደድ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የልጅ ልጄ ትግስት ትዝ ብላኝ።

ከኮሮና በፊት ነው። እኔ ያኔም አርጅቻለሁ፤ ወጣትነቱ የእሷ ነው። የግንቦት ዝናብ የዳንግላን መንገድ ማጨቅየት ጀምሯል። ትግስት የመመረቂያ ሥራዋን በላፕቶፕ ይዛ ከዩኒቨርሲቲ ቤቴ መጣች፤ የቤተሰባችንን ፈረሶች ዘር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ይኼ ካልሠራ ምርቃት የለም።

«እማማ፣ ፈረሶቹን ከነእናት አባታቸው ይንገሩኝ» አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ሴት፣ የተቀቀለ ድንች እየላጥሁ፣ ከአያቴ ጊዜ ጀምሬ ነገርኋት። የምነግራት እያንዳንዱ ፈረስ ላፕቶፑ ውስጥ ተቆራርጦ ሳይሆን ሙሉ ሆኖ፣ ቀለሙንም ጠባዩንም ይዞ ነው የሚኖረው አለችኝ፤ ማሽኑ ቢዘጋም አይጠፋም።

«ሲዘጋ የት ያድራል?»

«እዚያው ነዋ!»

«በጨለማ?»

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

ከዳማዋ ባዝራ የመጨረሻ ልጅ ስንደርስ፣ እሷ በቅሎ ናት፣ ማሽኑ ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን ሆነ?»

«አባቷ ፈረስ ካልሆነ አልቀበልም አለ።»

«አባቷማ አህያ ነው! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለችው ወዳ መሰለሽ?»

ትግስት ራሷን ያዘች። ፈረስ ከሰው እኩል በሚከበርበት አገር አድጋ፣ አባት ሁሉ ፈረስ ነው ብላ ሠርታዋለች። ታዲያ ተያት ብላት፣ «እናቷን አስገብቼ እሷን እንዴት እተዋለሁ?» አለች። የፕሮግራሙን ሥር ከነካችው ደግሞ ቀድመው የገቡት ፈረሶች ሁሉ ላይነሱ፣ ተመልሰው ላይታዩ ይችላሉ።

ጊዮርጊስን ለምኜ «በይ» አልኋት። ነካችው። በቅሎዋ ገባች፤ ፈረሶቹ ግን አልተነሱም። በአሮጌው የገባው በአዲሱ አይከፈትም አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እኔን ግራ የገባኝ ይኼ ነው፤ ፈረሶቹ ውስጥ አሉ፣ ግን አይመጡም።

በማግስቱ እንደገና ከአያቴ ጊዜ ጀመርሁ።

«እማማ፣ የጉራቻው ፈረስ አባት ትናንት ቡላው ነው አላሉኝም? ዛሬ ሌላ አሉኝ።»

«ብዬሽ ነበር እንዴ?»

«እንጃ፣ እኔም ጠፋብኝ።»

ትግስት በሰላም ተመረቀች። አሁን ባሕር ዳር ትሠራለች፤ ፕሮግራሙም እስከዛሬ ይከፈታል። ዘመድ በፈረስ ዘር ሲከራከር ወደ እሷ ይደውላል፤ ማሽን አይረሳም እያለ። ከፊተኛውና ከኋለኛው ወሬዬ የትኛው እውነት እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ። የፊተኛውን ወሬዬን የያዙት እነዚያ ያልተነሱት ፈረሶች ብቻ ናቸው።