ከፎቶው ላይ የጠፋው በሽታዬ

ከአዲስ አበባ የወጣሁበትን ምሽት በወጉ አላየሁትም። ራሴን ሲወቅረኝ ከርሞ በመጨረሻ የሰው ፊት ሁሉ ጭጋግ ሆኖብኝ ነበር። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስባት ቦሌ አድርሳኝ ለመመለስ ትጣደፋለች። አገላብጣ ሳመችኝና "አይዞህ፣ ድነህ ትመጣለህ" አለችኝ። ፊቷን ግን አላየሁትም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሕክምና እንድወጣ የተፈቀደልኝ እሷ ዋስ ሆና ነው። ካልተመለስኩ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ሮም እንደደረስኩ ጭንቅላቴን በኮምፒዩተር ራጅ አነሱት፤ እነሱ "ታክ" ይሉታል። አንገቴ ጋ፣ አንጎል ወደ ታች በሚወርድበት ግንድ ላይ፣ እብጠት ተገኘ። ዕጢ ነው፣ እዚያ ቦታ ደግሞ ቢላዋ አይገባም አሉኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ብቻ የደም ግፊቴን ደጋግመው ለክተው "ይኼ ልጅ ዕጢ የለበትም፣ ደሙ ነው" አሉ። የደም ብዛት ሲብስ አንጎልን ያሳብጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እላይ፣ ከኋላ በኩል ነው። የእኔው ያለ ቦታው ወጥቶ ሁሉንም አሳሳታቸው።

ኪኒን ጀመርኩ። ጨው ተከለከልኩ። አከራዬ ሲኞራ ፒና ገበታ ላይ የጨው ዕቃ ካየች "ልትሞትብኝ ነው? ማን ኪራይ ይከፍለኛል?" እያለች ትነጥቀኛለች። ሰኔ ነው፤ አገሬ እየዘነበ እኔ በሙቀት እየቀለጥኩ አልጫ ፓስታ እውጣለሁ። ግን ዓይኔ በራ። እንደገና ሲያነሱኝ እብጠቱ የለም፤ ፎቶው ጠርቷል። ሽማግሌው ሐኪም ግን አስጠነቀቁኝ፤ "ኪኒኑን ካቋረጥክ ይመለሳል። ሁለተኛው አይምርህም።"

ፈቃዴን ለማራዘም ፎቶውን ይዤ ቆንስላ ሄድኩ። ጸሐፊው ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው።

"ጓድ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ጭንቅላቴ ነው።"

"ምን አለበት?"

"አሁንማ ምንም የለበትም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"የምውጠው ኪኒን አገር ቤት የለም።"

"አብዮቱ ያጣው ኪኒን አለ እያልከኝ ነው?"

"የለም ነው የምልዎት።"

"ስማኝ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጭንቅላት እኔ ራሴ የለኝም። ድነሃል፣ አገርህ ግባ። ለዋስህ እንጽፋለን።"

ለእትዬ ደወልኩላት። መዳኔን ስትሰማ እልል አለች፤ ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ።

"እና መቼ ይገባል ልበላቸው? ከቀበሌ መጥተው እዚሁ ተቀምጠዋል።"

የኪኒኑን ነገር ነገርኳት።

"ካጣኸው ይገድልሃል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

አፏን ከስልኩ ሳታርቅ፣ ጮክ ብላ፣ ለሰዎቹ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "አልዳነም! ፎቶው ላይ አሁንም አለ ብለውታል!" ዕድሜዋን ሙሉ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት።

ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበላት። "ለእኛ ንጹሕ ነው ተብሎ ተጽፎልናል" አለኝ አንድ ወንድ፣ በትሕትና፣ ዘጋውም።

ከዚያ ወዲህ ስደውል ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም። ኪኒኔን በየማለዳው እውጣለሁ።