እንባ ያስተማረኝ መምህር

ባለፈው ሐሙስ አንዱ ተማሪዬ የከሰል ዱቄት በቫዝሊን ለውሶ ለጓደኛው ጺም ሲስልለት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ቆቦ ውስጥ ቲያትር እንዲህ ነው የሚሸተው፤ ተማሪ ሳለሁም እንዲሁ ነበር። አሁን የተማርኩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፣ የድራማ ክበቡንም ለእኔ ሰጥተውኛል። በዚያ ሽታ ግን ራሴን ሳይሆን መምህር አያሌውን ነው የማስታውሰው።

መምህር አያሌው አማርኛ ያስተምረን ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ለብቻዬ ሳስበው አንተ ነው የምለው፣ ይቅር ይበለኝ። ሰው ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ በሚሸሽበት የቆቦ ሐሩር ቡናማ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣል። ላቡ እየተንቆረቆረ «ተዋናይ ሙቀት አይሰማውም» ይለናል። በወጣትነቱ ተዋናይ ሊሆን አዲስ አበባ ሄዶ «ፊትህ አይናገርም» ብለው መለሱት ይባላል። የራሱ ፊት እምቢ ያለውን በእኛ ፊት ሊያናግር ምሎ ነበር መሰለኝ።

«ማስመሰል የቀጣፊ ሥራ ነው፤ ከገዛ ጓዳህ ያለውን አውጣ» ነበር ትምህርቱ። ረሃብተኛ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ ከልክሎ፣ እሱ ከፊቱ ተቀምጦ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ይፈለፍላል። ልጁ መድረክ ላይ ጉልበቱ ሲከዳው እኛ አጨበጨብን። ጨካኝ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ግን እንወደው ነበር፤ ከእሱ በቀር እኛን ከቁም ነገር የቆጠረን ሰው አልነበረም።

የእኔ ተራ የደረሰው ለትምህርት ቤቶች ውድድር ስንዘጋጅ ነው። የወንድሟ መርዶ የሚነገራት እህት ሆንኩ። እንባ ግን እምቢ አለኝ። ቀይ ሽንኩርት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ዓይኔን ስፈትግ ደረሰብኝና በመስኮት ወረወረው።

«ለወጥ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ሳቁ ሲበርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ወንድምሽ አሁን የት ነው ያለው?»

ታላቅ ወንድሜ ደሱ በአፋር በኩል ወደ ሳውዲ ወጥቶ ነበር። ከጅቡቲ አንዴ ደውሎ ድምፁ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖት ነበር።

«እንጃ» አልኩት።

«ደግ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

የውድድሩ ዕለት ልብስ በምንቀይርበት ክፍል ከሰሉና ቫዝሊኑ እየሸተተ ተራዬን ስጠብቅ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ሰይድ ከሁለት የሰፈራችን ሴቶች ጋር ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ አፉን ቶሎ አይከፍትም፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚናገረው። አባ ሰይድ ዱላቸውን መሬት አጋድመው ተቀመጡ፣ መሬት መሬቱን አዩ። «ደሱዬ!» ብዬ ጮህኩ። መምህር አያሌው ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «አሁን! አሁን ውጪ!» አለና መድረክ ላይ ገፈተረኝ።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ አሉ። አንደኛ ወጣን።

መጋረጃው ሲዘጋ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍቶ ሰጠኝና «ስለ ወንድምሽ የተሰማ ነገር የለም፣ አልሞተም፤ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። አባ ሰይድንም ሴቶቹንም እውነት ነው ብሎ አታሏቸው ኖሯል። አባ ሰይድ «አስተግፊሩላህ! በሞት ይቀለዳል?» ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? አመሰገንኩት። ለስላሳዬን ጠጣሁና «አመሰግናለሁ ቲቸር» አልኩ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ የማፍረው በእሱ ሳይሆን በዚያች ልጅ ነው።

እናቴ ዋጃ ገበያ ሳለች ወሬው ደርሷት በባጃጅ እየጮኸች መጣች። እውነቱን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ፈራች እንጂ። «ሞትን በስሙ ጠርተው ቤታችንን አሳዩት» አለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አባ ሰይድ ናቸው፤ ከኋላቸው ነጠላ የዘቀዘቁ ጎረቤቶች ቆመዋል። ገቡ፣ ዱላቸውን መሬት አጋደሙ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። እኔ ከኋላቸው ቡናማውን ኮት ፈለግሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

«አባ ሰይድ፣ ዛሬ ደግሞ ለየትኛው ቲያትር ነው የመጡት?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ መጀመሪያ ያየችው የእኔን ሳቅ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ነው ሽማግሌውን ያየችው። ደሱ የሞተው በረሃ ላይ ነበር፤ አብሮት የነበረ የሮቢት ከተማ ልጅ ነው ተመልሶ የተናገረው። እናቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ሳቅ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ድንኳን ተጥሎ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የእኔ ዓይን ደርቆ ቀረ። ሴቶቹ «ድንጋይ ናት እንዴ?» ሲባባሉ ሰማሁ። ቢቸግረኝ ያንን መድረክ አስታወስኩ፤ የክንዴን መጨምደድ፣ «አሁን ውጪ!» የሚለውን ድምፅ። እንባዬ መጣ። ለወንድሜ እውነተኛ ሞት ያለቀስኩት የውሸት ሞቱን አስታውሼ ነው። መምህር አያሌውም ለቅሶ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ሲወጣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ትንፋሽሽ ከእንባሽ ቀደመ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማስመሰሌን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር።

አምና ሲሞት ቀብሩ ላይ አምርሬ አለቀስኩ። ትንፋሼን አላስቀደምኩም። «እንዴት ብትወደው ነው!» ተባለልኝ። ኮቱን ቤተሰቦቹ ለክበቡ ሰጡ፤ ከቲያትር አልባሳቱ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

ሐሙስ ዕለት ጺም ከሚሳሳሉት ልጆች አጠገብ ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ ኩርፍ ብላ ተቀምጣለች። ዘንድሮ በቲያትሩ የአባቷ መርዶ ተነግሯት የምታለቅሰው እሷ ናት።

«ቲቸር፣ እንባ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ መለስ አደረግሁላት።

«አባትሽ አሁን የት ነው ያለው?»

«ሎጊያ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል» አለችኝ ፊቷ እየፈካ። «እሑድ ይመጣል።»

«ደግ» አልኳት።