መርፌው እስኪቀቀል

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መርፌ መውጋት አልነበረም። ውሃ ማፍላት ነበር።

የድሬሰርነት ምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ነጩን ጋውን ራሴ ተኩሼ፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ወዳለው የቀበሌ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና የላምባ ምድጃ አስታቀፉኝ።

«ይህን ማቀጣጠል ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ ሲስተር። እኔ ግን የተማርኩት...»

«የተማርከውን ነገ ታሳየኛለህ። ዛሬ ውሃ አፍላ።»

ክሊኒኩ የተወረሰ ትርፍ ቤት ነበር። መርፌ ክፍሉ ድሮ የዘበኛ ማደሪያ ስለነበረ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና እኔ ከገባንበት ሌላ አይችልም። ስድስት የመስታወት ስሪንጆች ነበሩን። እነሱን ፈታትቶ በሳሙና ማጠብ፣ በፋሻ ጠቅልሎ መቀቀያው ውስጥ መደርደር፣ ውሃው ከላያቸው ሁለት ጣት እስኪያልፍ መሙላት፣ ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቆጥሮ በመቆንጠጫ ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ሁሉን የሚያዙት ሲስተር ናቸው፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በታች ካርድ የምታወጣው ልጅ አለች። በሽተኛው ግን ይህን ሁሉ ማዕረግ አያውቅም። «ዶክተር» ይለኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ለማረም አልቸኮልኩም።

በዚያ ዘመን ኮልፌ ውስጥ ክኒን ብቻ የተሰጠው ሰው እንደተሰደበ ነበር የሚቆጥረው። ሁሉም መርፌ ይፈልጋል። መርፌ የታዘዘለት ደግሞ እስኪቀቀል መጠበቅ አለበት፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነም የሚጠብቀው እኔው ጎን ተቀምጦ ነው። ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ሥራዬን እሠራለሁ። ሰዉም ጀርባዬን እያየ ዝም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ መናገር ይጀምራል። ለሆድ ቁርጠት የመጣው ስለ አማቱ ያወራል። ለወገብ ሕመም የመጣችው ካኮረፈቻት እህቷ ጋር ስንት ዓመት እንዳልተያዩ ትነግረኛለች። መጀመሪያ ላይ ይሰለቸኝ ነበር። «ሃያ ደቂቃ ዝም ማለት የሚችል ሰው ኮልፌ ውስጥ የለም እንዴ?» እል ነበር በሆዴ።

በሦስተኛው ወር አንዲት ወጣት ሚስት ባሏ ሲጠጣ እንደሚመታት ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። አመሻሽ ላይ ማዞሪያው አጠገብ ወደሚገኝ መጠጥ ቤት ሄጄ ባልየውን በሰው ፊት «አታፍርም?» አልኩት። እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሴትየዋ የመጣችው ቅንድቧን ለመሰፋት ነው። ስሰፋላት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ በኋላም ወደ ክሊኒካችን ድርሽ አላለችም። አሁንም ሳስባት አፍራለሁ።

ሲስተር በሩን ዘግተው ጠየቁኝ። «ነገሩን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አየለ። የነገረችህ እንድትሰማት ነው እንጂ እንድትደነፋላት አይደለም። መርዳት ከፈለግህ ‹ምን ላድርግልሽ?› ብለህ እሷኑ ትጠይቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ምድጃ ጎን የተነገረ ከዚህ ምድጃ ጎን አይወጣም። ከወጣ አንተም ትወጣለህ።»

ስለዚህ አሁን የምተርክላችሁን ባልና ሚስት ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ሁለቱም ካረፉ ቆይተዋል። ቢሆንም ስማቸውን ብጽፍ ሲስተር አስካለ ከመቃብር ተነስተው ማስጠንቀቂያ ይሰጡኛል።

ወይዘሮ ዘይነባ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡ ነበር። «ጭንቅላቴ ላይ እሳት ይነዳል፤ እህል አያሰኘኝም» ይላሉ። ሲስተር መረመሯቸው፣ ትልቅ ሆስፒታልም ላኳቸው፤ ምንም አልተገኘባቸውም። ሰውነታቸው ግን በየሳምንቱ ይከሳል። በመጨረሻ የቫይታሚን መርፌ ታዘዘላቸው። «የሚያማቸው እኛ የምንወጋቸው ቦታ ላይ አይደለም» አሉኝ ሲስተር፣ ካርዱን እየሰጡኝ።

በአራተኛው ማክሰኞ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «ስኳር አምጣልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አንድያ ልጃቸው ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሰው የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። ሰባት ወር ሆኖታል፤ ደብዳቤም አልመጣም።

«አባቱ አንድ ቀን ለምን ላክሽው አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ዓይኔን አያይም። አንድ ቤት ውስጥ ነን፤ ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፣ በልቶ ይወጣል። ከዒድ በኋላ ቡታጅራ ወንድሞቼ ጋ እገባለሁ። ሃያ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ በልጄ የሚከሰኝ ሰው ፊት አልሞትም።»

ባለቤታቸው ጋሽ ሸምሱ አጠና ተራ አካባቢ ፍራሽ ይሰፋሉ። እሳቸው ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። «ደረቴን ይወጋኛል» ነው የሚሉት። ለእሳቸውም ያው ቫይታሚን ታዟል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ማክሰኞ መጥታ ነበር? ደህና ናት?»

ጠዋት ከአንድ ቤት ወጥተው የሚስታቸውን ጤና እኔን ይጠይቃሉ! መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። ቆይቶ ግን አንጀቴን በላኝ።

አንድ ሐሙስ ውሃው መፍላት ሲጀምር እሳቸውም ተናገሩ። ከአፈሳው በፊት በነበረው ምሽት አንድ ወዳጃቸው በሹክሹክታ «ነገ ልጁን ከቤት እንዳታስወጣው» ብሏቸው ነበር። ወሬው ተሰምቶ ወዳጄ እንዳይታሰር ብለው ዝም አሉ። አንድ ልጅ ስለሆነ አይነኩትም ብለውም አሰቡ። ጠዋት እነግራቸዋለሁ ሲሉ፣ ሥራ አስቸኩሏቸው በጊዜ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ጀማል የለም።

«አንድ ቃል ነበር» አሉ። «አንድ ቃል ብናገር ልጄ ቤቱ ነበር። እሷ ይህን አታውቅም። ብታውቅ አንድ ቀን አታድርም።»

«ለምን አይነግሯቸውም? እሳቸውም እኮ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ምን ብዬ ልጥራት?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አስረዱኝ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እሳቸው ሚስታቸውን «የጀማል እናት»፣ ሚስታቸውም እሳቸውን «የጀማል አባት» እያሉ ነው የሚጠሩት። ልጁ ከታፈሰ ወዲህ ስሙን ማንሳት ሁለቱንም ያንቃቸዋል። በሌላ ስም መጥራት ደግሞ ልጁን እንደ መቅበር ሆነባቸው። ስለዚህ ከናካቴው መጠራራት ተዉ። ያልተጠራ ሰው ደግሞ እንዴት ይነገረዋል?

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ወይዘሮ ዘይነባ ባላቸው የሚከሷቸው ይመስላቸዋል፤ ጋሽ ሸምሱ ግን የሚከሱት ራሳቸውን ነው። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አፌ ተለጉሟል። ዒድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የዚያች ወጣት ሴት ቅንድብ በዓይኔ ይመጣል፤ አልናገርም። ብናገር ደግሞ ምን ብዬ?

በቀጣዩ ሐሙስ ጋሽ ሸምሱን «ላምባ ስላጠረን ከእንግዲህ መርፌ የምንቀቅለው ማክሰኞ ብቻ ነው» አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነበር። በዚያ ዘመን ያላጠረ ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ሁለቱም ክፍሏ ውስጥ ተገናኙ። ወይዘሮ ዘይነባ ወንበሩ ላይ፣ ጋሽ ሸምሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው፤ ሁለቱም ግን ምድጃውን ነበር የሚያዩት። ስድስቱንም ስሪንጆች ደርድሬ እሳቱን ለኮስኩ። «ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ፋሻ ላምጣ» ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ፋሻው እጄ ላይ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆምኩ። የሰው ጓዳ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አዳመጥኩ።

መጀመሪያ የተሰማኝ የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። ሲሞቅ፣ ሲንተከተክ፣ ሲፈላ። ሃያው ደቂቃ አለፈ። ገብቼ መርፌውን ማውጣት ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለ።

«የጀማል አባት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

ጋሽ ሸምሱ ሲመልሱ ድምፃቸው የእሳቸው አልመስል አለኝ። «አቤት፣ የጀማል እናት።»

«ስኳሩን እኔ ባልለው ኖሮ...»

«ተይ! ተይ፣ አንቺ አይደለሽም። ነግረውኝ ነበር። ማታውኑ ነግረውኝ ነበር እኮ። ለቤቴ ሳልናገር ወጣሁ።»

እንደዚያች ቅጽበት የፈራሁበት ጊዜ አልነበረም። እግዜር ያሳያችሁ፤ አሁን ተነስተው ቢሄዱ፣ ያን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

«ይህን ይዘህ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህን ብቻህን ይዘህ ነው ሰባት ወር ፍራሽ ስትሰፋ የከረምከው?»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ነው፤ የሁለቱም። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

«ቋ!» የሚል ድምፅ ያባነነኝ ያኔ ነው። ሮጬ ስገባ መቀቀያው ውሃ የሚባል የለውም፤ ቀልቷል። ከስድስቱ ስሪንጆች አራቱ ተሰነጣጥቀዋል።

ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የሆነ ነገር ተሰበረ መሰለኝ» አሉኝ።

«ይሁን፤ ለዛሬ ይቅርብን» አሉ ወይዘሮ ዘይነባና ተነሱ።

በመስኮት አየኋቸው። ጋሽ ሸምሱ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ይራመዳሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ቦይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ዘይነባ ይዘው ተሻገሩ። ከዒድ በኋላም ቡታጅራ አልሄዱም። ለቫይታሚን መርፌም ሁለቱም ተመልሰው አልመጡም።

ሲስተር አስካለ የተሰነጣጠቁትን ስሪንጆች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ውሃው ሲያልቅ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ውጭ ቆሜ ነበር።»

«ለምን?»

«ውስጥ ሁለት ሰዎች ይነጋገሩ ነበር።»

መዝገቡን ገልጠው የዕለቱን ስሞች አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉና አስፈረሙኝ። ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«ያቺ ክፍል ሌላ ወንበር ትችላለች?»

«አልጋው ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ትችላለች።»

«አስጠጋዋ። ውሃውንም ከእንግዲህ ሦስት ጣት አድርገው።»

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ዓይንህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። «የላምባ ጭስ ነው» ልል ነበር። ተውኩት። የሰዎቹን ነገር አልነገርኳትም፤ መድከሜንና ማልቀሴን ግን ነገርኳት። የሰው ምስጢር መጠበቅና የራስን ሆድ መቆለፍ አንድ አለመሆናቸውን እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩም ነበር። እሷም የራሷን ነገረችኝ፤ ለካ ብዙ ኖሯታል።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አንድ ከሲታ ወጣት እያነከሰ ክሊኒካችን መጣ። ከሰሜን በእግሩ ነው የመጣው፤ ቁርጭምጭሚቱ መግል ይዟል። ካርዱ ላይ «ጀማል ሸምሱ» ይላል። የፕላስቲክ መርፌ መጥቶልን ስለነበር የሚቀቀል ነገር አልነበረም፤ ወረቀቱን ቀድዶ መውጋት ብቻ ነው። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።

«ሰፈር ስደርስ ፈርቼ ነበር» አለ ከኋላዬ። «ማን ሞቶ፣ ማን ቀርቶ ይሆን እያልኩ። በሩን ሳላንኳኳ እናቴ አየችኝ። ‹የጀማል አባት፣ ናማ! ቶሎ ና!› ብላ ጮኸች። አባቴም ከውስጥ ‹አቤት› አለ። ያኔ ቤቴ እንደደረስኩ አወቅኩ።»

መርፌውን ወጋሁት፣ ቁስሉን አጥቤ አሰርኩለት፣ ሐሙስ እንዲመለስ ነገርኩት።

ከሥራ ዘመኔ የያዝኩት ይህን ነው። ሰው የሚያመውን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ያን ያህል ጎኑ ቆዩለት፣ አትዩት፣ አታቋርጡት። የሰማችሁትን እዚያው ተዉት። ውሃውን ግን ሦስት ጣት አድርጉት።